ድምፁን ዘግቼ የመረጥኩት

ታናሽ እህቴ የሠርጓን ቀን በስልክ ስትነግረኝ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ቆሜ የሳል ሽሮፕ እየደረደርኩ ነበር። እልል ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ በመስኮቱ በኩል ወረፋ የያዙትን ሰዎች አየሁና መልሼ ገጠምኩት። ታሞ በመጣ ሰው ፊት እልል አይባልም። ጠርሙሱን ቦታው አስቀመጥኩና ዝቅ ባለ ድምፅ «መቼ ነው?» አልኳት።

«ከዳግም ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሑድ።»

በልቤ ቆጠርኩ። በክፍሉ የምንሠራው ሁለት ሰዎች ነን፤ ባልደረባዬ የወሊድ ፈቃድ የምትወጣው ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ነው። እኔ ያለሁት እንጅባራ፣ ሠርጉ ያለው ጎባ። ዓባይን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ ባሌ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ላይ ነው፤ መመለሻውም እንደዚያው። መስኮቱን ዘግቼ ብሄድ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደው ሰው ሁሉ ማንን ይጠይቃል?

መቁጠሬ ገባት። «አትመጪም ማለት ነው» አለች። ቀጥላም፣ ልጅ ሆና ከጀርባዬ አልወርድም ስትል በምታወጣው ድምፅ፣ «ታዲያ ማን ሊያወጣልኝ ነው?» አለችኝ።

በእኛ ቤት ሙሽራ ተመርቃ ከደጅ ስትወጣ ግጥም የምታወጣላት እናቷ ናት፤ እናት ከሌለች ታላቅ እህት። ሌላው ሴት ሁሉ ተቀባይ ነው። እናታችን ካረፈች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። የአክስቶቼን ልጆች አንድ በአንድ እያወጣሁ የሸኘሁት እኔ ነኝ። አሁን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ተራዋ ሲደርስ የኔ ቦታ ባዶ ሊሆን ነው።

«እኔ ነኝ የማወጣልሽ» አልኳት። «ድምፄን እልክልሻለሁ።»

«በምን?»

«በዘፈን። ቢት ባለው፣ እንደ ዘመኑ በተሠራ። እናንተ ትከፍቱታላችሁ፣ እኔ አወጣለሁ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ።»

ይህን ስል ስለ ቢት የማውቀው በባጃጅ ስሄድ በግድ የሰማሁትን ብቻ ነበር። ግን ቃል ወጥቷል። ከሁሉ አስቀድሜ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ለእህቴ ሠርግ የጭፈራ ዘፈን በኮምፒውተር ልሠራ አስቤያለሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«ሠርጉ በተክሊል ነው?»

«አዎ፣ በተክሊል ነው።»

«እንግዲያው ምን ኃጢአት አለው? ጌታስ ቃና ዘገሊላ የተገኘው ሠርግ ቤት አይደለም? ብቻ ጾሙ ነገ ይገባል፤ በጾሙ ዘፈን አትስሚ። ከፋሲካ ወዲህ ያድርስሽ።»

«አሜን» ብዬ መስቀል ተሳለምኩና ወጣሁ። በመንገድ ላይ ቀኑን አስላሁት። ከፋሲካ እስከ ሠርጉ ያለው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በሁለት ሳምንት ሶፍትዌር መርጦ፣ አጠቃቀሙን ተምሮ፣ ዘፈን ሠርቶ መላክ አይቻልም። ስለዚህ ወሰንኩ፦ መምረጡንና መማሩን በጾሙ እጨርሳለሁ፤ ነገር ግን ድምፁን ዘግቼ። እኔ መድኃኒት «ከምግብ በፊት» ካለ ከምግብ በፊት የምሰጥ ሰው ነኝ። «ዘፈን አትስሚ» ከተባልኩም አልሰማም። በዚህ ሐሳብ ውስጥ እንግዳ ነገር እንዳለ ያኔ ጨርሶ አልታየኝም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ወረድኩ። እዚያ ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ፣ በፍላሽ ዘፈን የሚሞላ፣ ለሠርግ ቤትም ሙዚቃ የሚያጫውት ሰው አለ ብለውኝ ነበር። ሱቁ በር ላይ ስቆም ነጠላዬን አየና ማጉያውን ቀነስ አደረገ።

«ሲስተር፣ ምን ልሙላልሽ? መዝሙር?»

«መሙላት አይደለም ወንድሜ። መሥሪያውን ነው የምፈልገው።»

«የምን መሥሪያ?»

«የዘፈን። ሪሚክስ የሚያደርግ ሶፍትዌር።»

ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ ተመለከተኝ። «ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

አንደኛውን ጆሮውን ከማዳመጫው አወጣ። «ለራስሽ!»

ወንበር ሰጠኝና በኮምፒውተሩ ላይ አንዱን ከፈተ። መላው ዓለም የሚጠቀመው ይህንን ነው አለኝ፤ አሁኑኑ ክራኩን ሊጭንልኝ እንደሚችልም ነገረኝ።

«ክራክ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ቁልፉ የተሰበረ ማለት ነው። አይከፈልበትም።»

«ቁልፉን ማን ሰበረው?»

«እኔ እንጃ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ያለ ሰው።»

«ባለቤቱስ ያውቃል?»

እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። «ሲስተር፣ ሶፍትዌር እየመረጥሽ ነው ወይስ እያናዘዝሽኝ?»

«የሠርግ ነገር በተሰበረ ቁልፍ አልጀምርም» አልኩት። ስቄ ነው ያልኩት፣ ግን አልቀየርኩትም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው በነጻ የለቀቋቸውን ፈልጎ አራት አገኘልኝ። የመጀመሪያውን ሊያሳየኝ ሲከፍተው ግን ድም ድም የሚል ነገር ሱቁን ሞላው። ነጠላዬን በጆሮዬ ላይ ደረብኩ።

«ዝጋው! ጾም ነው!»

«ድምፁን ሳትሰሚ የዘፈን ሶፍትዌር ልትመርጪ?»

«አዎ።»

«ይሄ ደግሞ አዲስ የቆሰበር ፋሽን ነው?» አለ። ዳንግላዎች እንጅባራን ሲያሾፉባት በድሮ ስሟ ይጠሯታል። አራቱን በፍላሽ ገልብጦ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሸኘኝ።

ጾሙን እንዲህ አሳለፍኩት። ከሥራ ስወጣ ቅዳሴ እደርሳለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ የጾም ምሳዬን በልቼ፣ ቀኑ ሳይመሽ ላፕቶፔን ከፍቼ በዝምታ ዘፈን እማራለሁ። የእንጅባራ ጭጋግ በቀርከሃው አጥር ላይ ወርዶ ይቀመጣል፤ እኔ ጋቢ ደርቤ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። መድኃኒት ውስጥ የምትገኘውን ያቺን በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ወረቀት ማንም አያነባትም፤ እኔ አነባለሁ። ሶፍትዌሮቹንም እንደዚያው አደረግኳቸው። ለእያንዳንዳቸው በደብተሬ አንድ አንድ ገጽ ሰጥቼ፣ የሚያደርጉትንና የሚያስከትሉትን ጉዳት ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ገና ሲከፈት ኔትወርክ ካልተገኘ አልንቀሳቀስም አለ። በእኛ ሰፈር ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ እሱን እየጠበቅኩ ዘፈኑን ለሠርጉ አላደርስም። ተሰረዘ። ሁለተኛው ሲነሳ ላፕቶፔ እንደ እህል ወፍጮ ጮኸ፤ ከሥሩም እንቁላል ሊጠበስበት የሚችል ሙቀት ወጣ። ያውም በጾም። ተሰረዘ። ሦስተኛው ውስጥ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ብዙ ምቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ላይ የከበሮ ሥዕል አየሁ። ሥዕሉ ቁርጥ የቤተ ክርስቲያናችንን ከበሮ ነው የሚመስለው። ከፍቼ እንዳላጣራ ጆሮዬ ተዘግቷል። በማኅሌት የሚመታውን ለጭፈራ እንዳላውል ፈራሁና እሱንም ተውኩት።

አራተኛውን ሳየው ግን ወደድኩት። ገጹ በመስመር የተከፋፈለ ነው፤ ድምፅ ሁሉ በየመስመሩ ተሰልፎ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የመድኃኒት መዝገቤን ነበር የመሰለኝ። እንዲያውም የተዛነፈውን ምት ሁሉ ጎትቶ መስመር ላይ የሚያስቀምጥ ማስተካከያ አለው። መስመር የሚጠብቅ ነገር ደስ ይለኛል። «ተመረጠ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አከራዬ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው አዩኝ። የአገው ሴት ናቸው፤ የተወለዱት ጥርባ አካባቢ፣ የተዳሩት እንጅባራ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአዊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ሲያሾፉብኝ ደግሞ በሁለቱም።

«ልጄ፣ ይሄ የምታርሺው ምንድን ነው?»

«ዘፈን ነው እማማ።»

ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አደረጉ። «ምንም አይል።»

«ጾም ስለሆነ ዘግቼው ነው።»

ጥቂት አሰቡበት። «አይ እንግዲህ፣ እሱም ይጹም» ብለው ድንቻቸውን ሊልጡ ሄዱ።

በሰሙነ ሕማማት ሁሉንም ዘግቼ አስቀመጥኩት። ፋሲካ መጣ። በማግስቱ እኔ ከሥራ ስመለስ እማማ ግቢው ውስጥ ሦስት ሴቶች ሰብስበው ጠበቁኝ፤ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን፣ አንዷ በዓል ለማክበር ከአዘና የመጡ እህታቸው። እኔ ጭብጨባ እንደሚያስፈልገኝ ነግሬያቸው ነበር። ለከበሮ ባዶ ጀሪካን ተገኘ። ስልኬን ቅዳ ብዬ ቀርከሃው ላይ ሰቀልኩት።

አቤት ጭብጨባቸው! እኔ ባደግኩበት አገር ጭብጨባ ምቱ ላይ ያርፋል። የእነሱ ግን ሊያርፍ ይመጣና ትንሽ ቆየት ይላል፤ ዓይን እንደምትጠቅስ ሴት፣ አንዳች ነገር አስባ መልሳ እንደምትነግርህ ዓይነት። ያቺ መቆየት ናት ትከሻን የምታስነሳው። እኔ ራሴ፣ ያውም በዓሉ በሥጋ ከብዶኝ፣ ትከሻዬ ሲንቀሳቀስ ያዝኩት።

ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ግጥሞቼን ለብቻዬ ቀዳሁ። ስምንት ናቸው፤ በጾሙ በልቤ ስደረድራቸው የከረምኩ። ሁሉንም ወደ ተመረጠው ሶፍትዌሬ አስገባሁ፤ ጭብጨባውን በመስመር፣ ድምፄን በመስመር። እንደተማርኩትም ማስተካከያውን ነካሁት። ጾሙን ሙሉ ተዘግቶ የቆየውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩ።

እማማ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አዳመጡ።

«ይሄ የምን ሰልፍ ነው?» አሉ።

«የእናንተ ጭብጨባ እኮ ነው እማማ።»

«የኛ? እኛን ሚሊሻ አድርጎን የለ እንዴ!» እህታቸው በአዊኛ አንድ ነገር ጨመሩና አራቱም ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። ምን እንዳሉ ጠየቅኩ። «ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ብሎ ሙሽራዋን ዘመቻ ሊወስዳት ነው ትላለች» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሶፍትዌሩ ያቺን የቆየች ምት ስህተት መስላው ጎትቶ መስመር ላይ አቁሟታል። ጾሙን ሙሉ ያደነቅኩት ማስተካከያ ያጠፋው የሚያስጨፍረውን ነገር ብቻ ነው። ማስተካከያውን መልሼ አነሳሁት፤ ጭብጨባው ነፍስ ዘራ። ተመስገን አልኩ፤ ችግሩ ይህ ብቻ መስሎኝ።

«በሉ አሁን ተቀበሉኝ» ብዬ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። ላፕቶፑ ውስጥ ያለችው እኔ የመጀመሪያውን ግጥም አወጣች። ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ግጥሟ ጥማቸው ስለነበር ደገሙላት፤ እማማ እልልታውን ጀመሩት። እልልታው ሳያልቅ ያቺ ሴት ሁለተኛውን ግጥም ላያቸው ላይ ጫነችባቸው። ግራ ተጋብተው አቆሙ። እንደገና ጀመርን። አሁንም በላያቸው ሄደች።

እማማ ላፕቶፑን በጣታቸው ጠቆሙ። «ይቺ ሴትዮ ሰው አታስጨርስም እንዴ?»

«እማማ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«አንቺማ ታስጨርሻለሽ። እሷን ነው የምለው። ሳጥን ውስጥ ስትገቢ ጠገብሽ!»

በየግጥሙ መካከል ያለውን ክፍተት አስፍቼ ሞከርኩ። አሁን ደግሞ ሴቶቹ ተቀብለው ይጨርሱና፣ ያቺ ሴትዮ እስክትመጣ እጃቸውን አጣጥፈው እርስ በርስ ይተያያሉ። አሳጠርኩ፤ ተጋጩ። አወጪ የተቀባዮቿን ዓይን አይታ ነው ቀጣዩን የምትጀምረው። ሲወዱት ትጠብቃቸዋለች፤ ሲበርዱ ቶሎ ታነሳቸዋለች። የኔ ሶፍትዌር መስመሩን ይዞ ይሄዳል እንጂ የማንንም ዓይን አያይም። ይህን ደግሞ ድምፁን ዘግቶ ማወቅ አይቻልም። ሐምሳ አምስት ቀን የፈጀ ምርጫ በአንድ ከሰዓት ፈረሰ። ወደ ክፍሌ ገብቼ፣ አልዋሽም፣ አለቀስኩ። እህቴ ከደጅ ስትወጣ በሴቶቹ እልልታ ላይ የምትጮህ ሴት ከምልክ ባዶውን ቢተው ይሻላል ብዬም አሰብኩ።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም የንስሐ አባቴ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፁን ዘግቼ መማሬ ላይ ስደርስ መቋሚያቸውን ደገፍ አሉ።

«እስከ ፋሲካ ድረስ ምንም ሳትሰሚ?»

«ዘፈን አትስሚ ብለውኝ የለ አባቴ?»

ሲስቁ ጺማቸው ተንቀጠቀጠ። «ዘፈን እየሰማሽ አትጨፍሪ ነው ያልኩሽ። ዕቃ ስትገዢ መሞከርም ከልክዬሽ ኖሯል? አንቺን ሳዝ ከእንግዲህ አስተውዬ ነው።» ከዚያ ረጋ አሉ። «ስሚኝ ልጄ። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ያዜማል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ካህኑ ሰዓት ያያል?»

«አያይም።»

«ምን ያደርጋል?»

«ሕዝቡ እስኪመልስ ይጠብቃል።»

«በቃ፣ የሚጠብቅ ፈልጊ።»

ቅዳሜ እስኪደርስ አልቻልኩም፤ በሦስተኛው ቀን የከሰዓት ተራዬን ከባልደረባዬ ጋር ተለዋውጬ ዳንግላ በረርኩ። ባልደረባዬ ሆዷን ደግፋ «በኋላ የሕፃኑንም የክርስትና ዘፈን ትሠሪያለሽ» ብላ አስምላኛለች። ባለሱቁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ማጉያውን ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

«አትዝጋው፣ ፋሲካ ነው» አልኩት። «ወንድሜ፣ የሚጠብቅ ሶፍትዌር አለህ?»

«ሶፍትዌር ምን ይጠብቃል ሲስተር?»

ስለ አወጪና ስለ ተቀባይ፣ ሰው ስለማታስጨርሰው ሴትዮ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ግን የሠርግ ቤት ሰው ነውና ነገሩ ገባው። «እውነትሽን ነው» አለ፤ «እኔም ሴቶቹ ሲያወጡ ማጉያዬን አጥፍቼ ነው የምቀመጠው፤ አልችላቸውማ።» ቀጥሎ፣ የሚያሳፍር ነገር እንደሚያሳይ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ አለ። ግን የልጆች መጫወቻ ነው፤ ባለሙያ ቢያየው ይስቃል» አለና ስልኩን አወጣ።

ገጹ ላይ ዘጠኝ ሳጥኖች አሉ፤ ሌላ ምንም የለም። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ድምፅ ይቀመጣል። ስትነካው ይዘፍናል፤ ሲጨርስ ዝም ይላል። ሌላ ሳጥን እስክትነካ ድረስ፣ ዓመትም ቢሆን፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንዱን ሳጥን ብቻ ከፈለግክ ሳያቋርጥ እንዲደጋግም ታደርገዋለህ፤ ለጭብጨባው። የማዳመጫውን ሁለቱን ጆሮ አጠለቅኩና ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍቼ ሰማሁት።

«ዛሬ ሰማሽ!» አለ ባለሱቁ።

«ዛሬማ እሰማለሁ።»

ያም ሆኖ ልማዴን አልተውኩም። ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ የአጠቃቀም ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ባለቤቱ በነጻ የሰጠው ነው፤ ኔትወርክ አይጠይቅም፤ በኔም በእህቴም ዓይነት ስልክ ይሠራል። ጭብጨባ የሚያስተካክል ነገር የለውም። ይህን ሳነብ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ጮህኩ፤ ሌላ ደንበኛ ዞሮ አየኝ።

ቤት ስመለስ የጭብጨባውንና የጀሪካኑን ድምፅ በመጀመሪያው ሳጥን፣ ስምንቱን ግጥሞች በስምንቱ ሳጥኖች አስቀመጥኩ። እማማ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ራሳቸው እየነኩ ሞከሩት። ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ደገሙ፣ እልል አሉ፣ ትንፋሽ ወሰዱ። ያቺ ሴትዮ አፏን ዘግታ ጠበቀቻቸው። «አሁን ሰው ሆነች» አሉ እማማ።

የቀረው ሠርጉ ቤት ሳጥኑን የሚነካው ማን ይሁን የሚለው ነበር። ለእህቴ ደወልኩላት።

«ዲጄው አያውቅበትም። ሴቶቹ መቼ እንደሚጨርሱ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንቺ ነሽ የምትነኪው።»

«ሙሽራ ስልክ ይዛ? ሰው ምን ይለኛል? አንገትሽን ድፊ ነው የሚሉኝ!»

«ትደፊያለሽ። ቬሎሽ ሰፊ ነው?»

«ድንኳን ነው የሚያክለው።»

«ስልኩን ከዲጄው ማጉያ ጋር በብሉቱዝ አገናኝተሽ ከሥሩ ያዢው።»

ሳቋ ፈነዳ። «እነሱ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች ሲሉ እኔ ለካ አንቺን እያዘፈንኩሽ ነው!»

መጫወቻውንና ድምፆቹን መላክ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆነ። አንድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ፣ ኔትወርኩ ሻል በሚልበት ከፍታ ላይ ከነነጠላዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኙ ድምፆች አንድ በአንድ፣ እንደ ፈሪ መንገደኛ፣ እያመነቱ ሄዱ። የመጨረሻው ሲደርሳት ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች።

የሠርጉ እሑድ ደረሰ። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ነጭ ጋውኔን በአበሻ ቀሚሴ ላይ ደርቤ መስኮቱን ከፈትኩ። ጥቂት ቆይቶ እማማ ሁለቱን ጎረቤቶቻችንን አስከትለው፣ ሦስቱም ለክት ያስቀመጡትን ለብሰው፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ምነው እማማ፣ አመምዎት እንዴ?»

«ምን ያመኛል! ሠርግ ጠርተሽን የለ? እኛም ድምፃችን ሄዷል እኮ።»

አክስቴ ከጎባ ስትደውል ስልኩን ድምፁን ከፍቼ መስኮቱ ላይ አቆምኩት። መጀመሪያ የሰው ጫጫታ፣ ከዚያ የሽማግሌ ምርቃት፣ ከዚያ ደግሞ የእኛ ጭብጨባ መጣ። ከእንጅባራ ግቢ ወጥቶ፣ ባሌ ደርሶ፣ ተመልሶ መስኮቴ ላይ። ከዚያ የኔ ድምፅ። ከዚያ አክስቶቼና የሰፈር ሴቶች ተቀበሉ፤ መጀመሪያ እየተደናበሩ፣ ያቺን የምትቆይ ጭብጨባ ለመያዝ እየተጋጩ፣ ቀጥሎ እየሳቁ፣ ሦስተኛው ግጥም ላይ ይዘዋት። እልልታቸው ረዘመ። ሳጥኑ ጠበቀ። እህቴ ነካችው። አራተኛው ወጣ። ከቬሎው ሥር የተደበቀች ጣቷን ያየሁ መሰለኝ።

በዚህ መሃል አንድ በፈረስ የመጡ አባት የመድኃኒት ወረቀታቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ክኒናቸውን መቁጠር ጀመርኩ፤ ሠርግ ቢሆንም ቆጠራ ቆጠራ ነው።

«ሠርጉ የት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጎባ ነው አባቴ።»

«ጎባ በየት በኩል ነው?»

«ሩቅ ነው። ባሌ ነው።»

አግዳሚው ላይ የሚያጨበጭቡትን ሴቶች ዞረው አዩ። «ታዲያ እነዚህ ሲመለሱ ሊመሽባቸው ነው» አሉ።

ስምንተኛው ሳጥን ዘፍኖ አለቀ፤ ተቀበሉት። ዘጠነኛውን ጠበቅኩ። ጭብጨባው ይሄዳል፣ ድምፄ ግን አልመጣም። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን፣ ጣቷ ስቶ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። የአክስቴ ድምፅ ከጫጫታው በላይ መጣ።

«አንቺ! ሙሽሪት ዘጠነኛዋን አልነካም አለች! እህቴ ስልክ ላይ እያለች ለምን ሳጥኗን እነካለሁ፣ በአፏ ታውጣልኝ ነው የምትለው! በይ ቶሎ፣ መኪናው በር ላይ ነው!»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ታሞ በመጣ ሰው ፊት እልል አይባልም ያልኩት እኔ ነኝ። ቆጥሬ የጨረስኩትን ክኒን ከረጢቱ ውስጥ አስገብቼ አተምኩት፤ ይህን ሳላደርግ ምንም አልጀምርም። ከዚያ አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ወደ ስልኩ አወጣሁ፦

«ቆሰበር ላይ ሆኜ ድምፄን ላኩልሽ፣
እጄ ባይደርስ እንኳ ቃሌ ይዳብስሽ።»

መጀመሪያ የተቀበሉኝ አግዳሚው ላይ ያሉት ናቸው። ኔትወርኩ ስለሚዘገይ የጎባዎቹ የመጡት እነዚህ ከጨረሱ በኋላ ነው። እማማ የጎባዎቹን ሊያስጨርሱ እጃቸውን አነሱ፤ የኛዎቹ ዝም አሉ፤ ጎባ ተቀብሎ እልልታውን አቀለጠው፤ ያ ሲበርድ እማማ በኩላቸው መለሱለት። እኔም አንዴ ወደ አግዳሚው፣ አንዴ ወደ ስልኩ እያየሁ፣ ሁለቱም እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ከሁሉም መጨረሻ፣ ሁሉም ዝም ሲል፣ የእህቴ ድምፅ ብቻውን መጣ፤ «ወጣሁልሽ» አለችኝ። የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ።

ዓይኔን በጋውኔ እጅጌ ጠረግኩ። ባለፈረሱ አባት አሁንም ቆመዋል።

«ይቅርታ አባቴ፣ አቆየሁዎት።»

«ግዴለም፣ ሠርግ ነው» አሉ። «እንዴት ነው የምውጠው?»

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» አልኳቸው። አግዳሚው ላይ ሦስቱ ሴቶች ገና እጃቸውን አላሳረፉም ነበርና፣ ቃሌ በዚያች ቆየት በምትል ጭብጨባ መሃል ገጥሞ ቁጭ አለ። አባትየው ከረጢቱን ተቀብለው፣ እንዳይረሱት ይሆናል፣ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» እያሉ፣ ትከሻቸውን ትንሽ ነቅነቅ አድርገው ወደ ፈረሳቸው ሄዱ።